ገመዱ የት ላይ ተበጠሰ? የማይታይ ጉዳት የሚገኝበት ጥበብ አጭር ታሪክ

እስቲ በአንድ እንቆቅልሽ እንጀምር። ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ገመድ አላችሁ እንበል። ውፍረቱ ከአውራ ጣታችሁ አይበልጥም። የተኛው በውቅያኖስ ወለል ላይ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ጥልቀቱ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የፀሐይ ብርሃን የሚባል ነገር እዚያ አይደርስም። ገመዱ ትናንት መልእክት ሲያስተላልፍ ዋለ፤ ዛሬ ጸጥ አለ። የሆነ ቦታ ላይ ተጎድቷል ማለት ነው። በእጃችሁ ያለው ግን አንዱ ጫፍ ብቻ ነው። ጉዳቱ የት ላይ እንደሆነ እንዴት ታውቃላችሁ?

«መርከብ ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ መፈለግ ነዋ!» እንዳትሉ። ገመዱን ከዚያ ጥልቀት እየጎተቱ ማየት ወራት ይፈጃል፤ ጤነኛውንም ክፍል መጉዳት ይሆናል። የተሻለው መንገድ ገመዱን ራሱን መጠየቅ ነው። ላለፉት 170 ዓመታት መሐንዲሶች ሲያደርጉ የኖሩት ይህንኑ ነው። የሚገርመው ደግሞ ምን መሰላችሁ? በየዘመኑ ጉዳቱን የጠቆማቸው፣ አስቀድሞ ሲያማርራቸው የነበረው የገመዱ ድክመት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ቀን ያልሞላው ዕድሜ

በኦገስት 1850 ጄኮብና ጆን ብሬት የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ የቴሌግራፍ ገመድ በባሕር ውስጥ ዘረጉ። ገመዱ የመዳብ ሽቦ ሲሆን የለበሰው ጉታፐርቻ የሚባል፣ ከዛፍ የሚገኝ ጎማ መሰል ነገር ነበር። በቃ፤ ሌላ መከላከያ አልነበረውም። ምሽቱን ጥቂት ምልክቶች ተላለፉ፤ በማግስቱ ግን ዝም አለ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ገመዱን በመረቡ ስቦ አውጥቶ፣ ውስጡ ወርቅ ያለበት የባሕር አረም መስሎት ቆረጠው ይባላል። የዓሣ አጥማጁ ታሪክ እውነትም ይሁን ተረት፣ ትምህርቱ ቶሎ ገባቸው። በ1851 የተዘረጋው ሁለተኛው ገመድ ዙሪያውን በወፋፍራም የብረት ሽቦዎች ተጠቀለለ፤ ለብዙ ዓመታትም አገለገለ። ዛሬም ከባሕር ዳርቻ አጠገብ የሚዘረጉ ገመዶች የብረት ጥሩር እንደለበሱ ናቸው።

እንግዲህ መከላከል የተጀመረው በዚህ መልኩ ነው። የተጎዳውን ቦታ የማግኘቱ ጥበብ ግን ገና ነበር፤ እሱን ያመጣው ትልቅ ኪሳራ ነው።

አትላንቲክን ያቋረጠው ገመድ አሟሟት

በኦገስት 1858 አየርላንድንና ሰሜን አሜሪካን የሚያገናኝ የመጀመሪያው ገመድ በአትላንቲክ ወለል ላይ ተዘረጋ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቡካናን የላኩት የደስታ መልእክት 98 ቃላት ብቻ ነበረው፤ ተልኮ እስኪያልቅ ግን 16 ሰዓት ገደማ ፈጀ። እንዲያም ሆኖ በሁለቱም ወገን ሕዝቡ በደስታ አደባባይ ወጣ። መርከብ ሳምንት ከዚያም በላይ የሚፈጅበትን ወሬ በሰዓታት ማድረስ በጊዜው ተአምር ነበርና።

ደስታው አንድ ወር እንኳ አልዘለቀም። የኩባንያው የኤሌክትሪክ ኃላፊ ዋይልድማን ዋይትሃውስ በሙያቸው ሐኪም ነበሩ። ምልክቱ እየደከመ ሲሄድ «ኃይል ይጨመርበት» አሉ፤ እስከ 2,000 ቮልት የሚደርስ ኃይል ለቀቁበት። ቀድሞውንም ደካማ የነበረው ልባስ ይህን ሊሸከም አልቻለም። ገመዱ ሞተ።

ታዲያ የት ላይ ነው የሞተው? ዋይትሃውስ ጉዳቱ ከአየርላንዱ ወደብ አጠገብ መስሏቸው እዚያ ያለውን ክፍል አስጎተቱ። ዊልያም ቶምሰን የተባሉት የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር (በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባሉት) እና ክሮምዌል ቫርሊ የተባሉት መሐንዲስ ግን ገመዱን ሳይነኩ ከጫፉ ላይ ለኩት። ውጤቱ ጉዳቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ከጥልቁ ባሕር ውስጥ መሆኑን የሚያመለክት ነበር። ማንም በዓይኑ ያላየው፣ ማንም በእጁ ያልነካው ቦታ!

እንዴት አወቁ? ሒሳቡ ቀላል ነው። ማንኛውም ሽቦ የኤሌክትሪክን ፍሰት ይገታል። ይህን የመግታት ባሕርይ ሬዚስታንስ እንለዋለን፤ ሽቦው በረዘመ ቁጥር እሱም ይጨምራል። ለመልእክት ላኪ ይህ ጠላት ነው፤ ምልክቱን ያደክምበታል። ለጉዳት ፈላጊ ግን ሜትር ነው። የአንድ ኪሎ ሜትር ሽቦ ሬዚስታንስ 2 ኦም ነው እንበል። የገመዱ ልባስ ተቀዶ መዳቡ ከባሕር ውኃ ጋር ከተገናኘ ኤሌክትሪኩ ከዚያ ወዲያ ለመሄድ አይደክምም፤ እዚያው ወደ ባሕሩ ይፈስሳል። ከዳር ሆናችሁ ስትለኩ 800 ኦም አገኛችሁ። 800ን ለ2 አካፍሉ። ጉዳቱ ያለው 400ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው!

በተግባር ነገሩ ትንሽ ያስቸግራል። የተቀደደው ቦታ ራሱ የሚጨምረው ሬዚስታንስ አለ፤ የመዳቡም ሬዚስታንስ በባሕሩ ቅዝቃዜ ይቀየራል። ስለዚህ ከሁለቱም ጫፍ ይለካል፤ ጤነኛ ሽቦ ካለ ደግሞ ከእሱ ጋር ተያይዞ ይነጻጸራል።

ከሁሉ የባሰው ችግር ግን ሌላ ነበር፤ የጋራ መለኪያ አልነበረም። አንዱ ሬዚስታንስን በዚህ ሽቦ ርዝመት ሲለካ ሌላው በሌላ ሽቦ ይለካ ነበር። አንዱ የለካውን ሌላው አይረዳውም። ዕቃ በክንድ እየለካ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ የራሱን ክንድ ቢጠቀም ማለት ነው። በ1861 ላቲመር ክላርክና ቻርለስ ብራይት የተባሉ የኬብል መሐንዲሶች የኤሌክትሪክ መለኪያዎች ወጥ ይሁኑ፣ በታላላቅ ሳይንቲስቶችም ስም ይሰየሙ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር፣ ቶምሰን ያሉበትን የሬዚስታንስ መለኪያ ኮሚቴ አቋቋመ። ዛሬ ፊዚክስ ስትማሩ የምትጽፉት «ኦም» ያደገው ከዚህ ሥራ ነው። ከባሕር ሥር የተበላሸ ገመድ ፍለጋ የትምህርት ቤት ደብተራችሁ ውስጥ ድረስ ገብቷል ማለት ነው።

ውጤቱም ብዙ አልቆየም። በ1865 ግሬት ኢስተርን የተባለችው ግዙፍ መርከብ አዲስ ገመድ ስትዘረጋ ገመዱ ያለማቋረጥ ይለካ ነበር። ጉዞው እንደተጀመረ ልኬቱ ተዛባ። ገመዱን ወደ ኋላ ሲስቡት አንዲት አጭር ቁራጭ ሽቦ ልባሱን ወግታ ተገኘች። በዚያው ጉዞ ገመዱ ተበጥሶ ጥልቁ ባሕር ውስጥ ገባ። በ1866 ግን መርከቧ አዲስ ገመድ በድል ዘረጋች፤ ተመልሳም የጠፋውን ከ3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ጥልቀት በመንጠቆ አውጥታ ቀጠለችው። የት መፈለግ እንዳለባት ታውቅ ነበር።

የተበጠሱ ገመዶች የመሰከሩት

ኖቬምበር 18 ቀን 1929 ከካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ ባሻገር፣ ግራንድ ባንክስ በሚባለው የባሕር ክልል፣ በመጠን 7.2 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። 12 የአትላንቲክ የቴሌግራፍ ገመዶች ተበጠሱ። ለመናወጡ ቅርብ የነበሩት ወዲያው ሲቆረጡ፣ ሌሎቹ ግን ወደ ጥልቁ በሚወስደው አቅጣጫ አንዱ ከሌላው በኋላ፣ ተራ በተራ ተበጠሱ። የመጨረሻው የተበጠሰው ከ13 ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጡማ ካለፈ ቆይቷል። ታዲያ ገመዶቹን እየተከተለ የሚበጥሳቸው ምን ነበር? የቴሌግራፍ ጣቢያዎቹ እያንዳንዱ መስመር የተቋረጠበትን ሰዓትና ደቂቃ መዝግበው ነበር፤ የተበጠሰበትም ቦታ በልኬት ታወቀ። በ1952 ብሩስ ሂዘንና ሞሪስ ዩዊንግ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቦታውንና ሰዓቱን አጋጥመው አነበቡት። መንቀጥቀጡ የባሕሩን ተዳፋት ናደው፤ የተናደው አፈር ከውኃ ጋር ተደባልቆ የደለል ጎርፍ ሆነ፤ ጎርፉም በሰዓት በአሥሮች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች እየተምዘገዘገ ገመዶቹን ጠራረጋቸው። በባሕር ወለል ላይ እንዲህ ያለ ጎርፍ እንደሚኖር ከዋነኞቹ ማስረጃዎች አንዱ የሆነው ይህ የጉዳት መዝገብ ነው።

የዚያ ቀን ሌላ ታሪክም አለ፤ እሱ ያሳዝናል። መንቀጥቀጡ ያስነሣው ሱናሚ በኒውፋውንድላንድ የሚገኘውን የቡሪን ልሳነ ምድር መትቶ 28 ሰዎች ሞቱ። ቡሪንን ከተቀረው ደሴት የሚያገናኘው የቴሌግራፍ መስመር ከአደጋው ጥቂት ቀናት በፊት በማዕበል ተበጥሶ ነበር። ቤታቸው በባሕር የተወሰደባቸው ሰዎች በበረዶ ውስጥ ሆነው ዕርዳታ መጥራት አልቻሉም። ዓለም የሰማቸው ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሬዲዮ ያላት መርከብ ስትደርስ ነው። የተበጠሰ መስመር ቶሎ ማግኘትና መጠገን የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም።

ብርሃንና የገደል ማሚቶ

አሁን ወደ ፋይበር ኦፕቲክ እንምጣ። በ1966 ቻርለስ ካኦ የተባሉት ሳይንቲስት ከባልደረባቸው ጋር ሆነው፣ መስታወት በደንብ ከጠራ ብርሃንን ሩቅ ሊያደርስ እንደሚችል በጽሑፍ አሳዩ (ለዚህም ካኦ በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል)። በ1970 ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ከመቶ አንድ እጅ በላይ ብርሃን የሚያተርፍ ክር ሠራ። ዛሬ ያው አንድ ኪሎ ሜትር ከመቶ 95 እጅ ያህሉን ያተርፋል።

ግን ችግር መጣ። ክሩ መስታወት ነው፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የድሮው የኦም ሒሳብ እዚህ ምን ይሠራል? ሌላ ሜትር ያስፈልግ ነበር፤ እሱም እንደ ድሮው ከክሩ ድክመት ተገኘ።

መስታወት የቱንም ያህል ቢጠራ ሲቀዘቅዝ የቀሩበት፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ያለመስተካከሎች አሉት። ብርሃን ሲያልፍባቸው ጥቂቱ ወደ ጎን ይበተናል። ይህ ከሰማዩ ሰማያዊነት ጀርባ ያለው የብርሃን መበተን ነው፤ በ1871 ያብራሩት ሎርድ ሬይሊ ስለሆኑ በስማቸው ይጠራል። ክር ለሚሠሩ ሰዎች ይህ የማይድን በሽታ ነው፤ ሊቀንሱት እንጂ ሊያጠፉት አይችሉም። ከሚበተነው ብርሃን ግን እጅግ ጥቂቱ ወደ መጣበት ይመለሳል። በ1976 በሂዩዝ የምርምር ላቦራቶሪ የሚሠሩት ባርኖስኪና ጄንሰን ይህን ተመላሽ ብርሃን በመለካት የክሩን ሁኔታ ከአንድ ጫፍ ማንበብ እንደሚቻል አሳዩ። ዛሬ ቴክኒሻኖች በአጭሩ «ኦቲዲአር» የሚሉት መሣሪያ መነሻው ይህ ነው።

አሠራሩን የምታውቁት ነው። ገደል ፊት ለፊት ቆማችሁ ስትጮኹ የገደል ማሚቶው ይመልስላችኋል፤ ገደሉ ከራቀ መልሱ ይዘገያል። ኦቲዲአርም እንዲሁ ነው፤ በድምፅ ፈንታ የሌዘር ብልጭታ ይልካል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። መልሱ ከ400 ማይክሮ ሰከንድ በኋላ ከመጣ ብርሃኑ ደርሶ መልስ 80 ኪሎ ሜትር ተጉዟል ማለት ነው፤ ነጸብራቁ የመጣው ከ40ኛው ኪሎ ሜትር ነው።

መሣሪያው ይህን ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ይሥለዋል። ጤነኛ ክር ቀስ እያለ የሚያዘቀዝቅ ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣል። ክሩ የተጣጠፈበት ወይም በደንብ ያልተበየደበት ቦታ ላይ መስመሩ እንደ ደረጃ ዝቅ ይላል። የተቆረጠበት ቦታ ላይ ብዙውን ጊዜ ሹል ሆኖ ይነሣና ከዚያ ወዲያ ትርጉም የሌለው ጫጫታ ብቻ ይቀራል። ጥሩ ቴክኒሻን ይህን መስመር ሐኪም የልብ ምት እንደሚያነብ ያነበዋል። ክሩ ከመበጠሱ በፊት መጎዳት የጀመረበትንም ቦታ ያያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። መሣሪያው የሚነግራችሁ ርቀትን ነው፤ አድራሻን አይደለም። ክሩ በገመዱ ውስጥ ጠምዘዝ ብሎ ስለሚሄድ ከገመዱ ትንሽ ይረዝማል፤ በየጉድጓዱም ለጥገና ተብሎ የሚተው ጥቅልል አለ። «12 ኪሎ ሜትር ከ340 ሜትር» የሚለው ቁጥር የትኛው መንገድ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደሆነ የሚያውቀው ካርታው ነው። ካርታው በደንብ ካልተያዘ ምርጥ መሣሪያም ቢሆን ሰፈር ለሰፈር ያንከራትታል።

የድሮው ዘዴስ ሞተ? አልሞተም! በባሕር ውስጥ ብርሃኑን በየመንገዱ የሚያጎሉ መሣሪያዎች አሉ፤ ለእነሱ ኤሌክትሪክ የሚያደርስ የመዳብ መስመር በገመዱ ውስጥ ያልፋል። መዳቡ ከባሕር ውኃ ጋር ከተገናኘ ከዳር ያለው ቮልቴጅ ይለወጣል። መሐንዲሶችም ልክ እንደ ቶምሰን ዘመን አካፍለው ርቀቱን ያገኙታል። የ1858ቱ ሒሳብ ዛሬ ኢንተርኔታችሁን እየጠበቀ ነው።

ገመድ የሚቆርጠው ማነው?

ሻርክ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ የሻርክ ንክሻ ከቁጥር አይገባም። በዓለም ባሕሮች ውስጥ በዓመት ከ150 እስከ 200 ጉዳት ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። አብዛኛውን የሚያደርሱት የዓሣ ማጥመጃ መረቦችና የመርከብ መልሕቆች ናቸው። ያ የ1850 ዓሣ አጥማጅ ዛሬም አለ።

ለዚህም ነው መከላከያው ከብረት ባሻገር ሕግ ያስፈለገው። በ1884 ፓሪስ ላይ የተፈረመው የባሕር ሥር ገመዶች ጥበቃ ስምምነት ገመድን ሆን ብሎ ወይም በቸልተኝነት መበጠስን በወንጀል ያስቀጣል። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ሌላው አንቀጹ ነው፤ ገመድ እንዳይበጠስ ብሎ መልሕቁን ወይም መረቡን ቆርጦ የጣለ መርከበኛ፣ ቀድሞ ጥንቃቄ አድርጎ ከነበረ ካሳውን የገመዱ ባለቤት ይከፍለዋል። ዓሣ አጥማጁን ከጠላትነት ወደ ጠባቂነት የሚያመጣ ብልሃት ነው።

ሕግ የማይደርስበት ጊዜም አለ። በፌብሩዋሪ 2024 ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ በቀይ ባሕር በሚሳይል ተመታች። ሠራተኞቿ መልሕቅ ጥለው ወጡ፤ መርከቧ ግን መልሕቋን እየጎተተች ተንሳፈፈች። በዚያው ሰሞን በአካባቢው ሦስት ገመዶች ተቆረጡ፤ ያንን ያደረገው መልሕቋ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ጠባብ መተላለፊያ አውሮፓን ከእስያና ከምሥራቅ አፍሪካ የሚያገናኙ ብዙ ገመዶች ያልፋሉ።

የባሕር በር የሌላቸው አገሮችስ? በ2011 በጆርጂያ አንዲት አረጋዊት መዳብ ፍለጋ ሲቆፍሩ አንድ የፋይበር ገመድ ቆረጡ ተብሎ ተዘገበ። ጎረቤቷ አርሜኒያ ለአምስት ሰዓት ያህል ከሞላ ጎደል ያለ ኢንተርኔት ቀረች። ፋይበር መስታወት ነው፤ ለመዳብ ብሎ የቆረጠው ሰው የሚሸጠው ነገር አያገኝም። ኢትዮጵያም የባሕር በር የላትም፤ ወደ ባሕር ሥር ገመዶች የምትደርሰው እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ነው። በአንድ ድንበር የሚያልፈው መስመር ሲቆረጥ ሌላው እንዲሸከም ማድረግ ለእንዲህ ያለ አገር ቅንጦት አይደለም። በከተማም ውስጥ መስመሮችን እንደ ቀለበት ማገናኘት ያው ነው፤ ቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ ቢቆረጥ መረጃው በሌላው ወገን ዞሮ ይደርሳል። ቀለበቱ ግን እውነተኛ መሆን አለበት። ሁለቱ መስመሮች በአንድ ቦይ ውስጥ ተቀብረው ከሆነ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያነሣቸዋል።

ከመቆረጡ በፊት መስማት

እስካሁን ያየነው በአብዛኛው ከጉዳት በኋላ የሚደረገውን ነው። የዘመናችን ጥያቄ ግን «ከመቆረጡ በፊትስ ማወቅ አንችልም?» የሚል ነው።

አሁንም መልሱ የተገኘው ከድክመት ነው። ፋይበር ሲነካ፣ ሲሞቅ፣ ሲንቀጠቀጥ በእጅጉ ባነሰ መጠን ይለጠጣል፤ ከውስጡ የሚመለሰው ብርሃንም አብሮ ይለወጣል። ይህን ለውጥ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚያነብ መሣሪያ ከተገጠመለት፣ መሬት ውስጥ የተቀበረው ክር በየጥቂት ሜትሩ ጆሮ እንዳለው ይሆናል። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በአይስላንድ ለቴሌኮም በተቀበረ 15 ኪሎ ሜትር ክር የመሬት መንቀጥቀጦችን መመዝገብና ከመሬት በታች ያለ ስንጥቅን መለየት እንደተቻለ አሳይቷል። በዚሁ ዘዴ የኤክስካቫተር አካፋ መሬት ሲመታ ገመዱ ጋ ከመድረሱ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት ይቻላል።

ይቻላል ማለት ግን አልቋል ማለት አይደለም። ከባድ መኪና ሲያልፍም መሬት ይንቀጠቀጣል። መሣሪያው ለእያንዳንዱ መኪና ቢጮህ በሳምንቱ የሚሰማው ሰው አይኖርም። የቁፋሮን ድምፅ ከመኪናው፣ ከዝናቡ፣ ከባቡሩ መለየት ዛሬም ብዙ ተመራማሪ የሚሠራበት ጉዳይ ነው። ሌላ ጥያቄም አለ፤ አካፋ የሚሰማ ክር የሰው ኮቴም ሊሰማ ይችላል። ማን ያዳምጥ? ለምንስ? ይህን ለመሐንዲስ ብቻ ባንተወው ጥሩ ነው።

እናንተ ግን ልምምዱን ዛሬውኑ መጀመር ትችላላችሁ። ገደል ወይም ትልቅ የሕንፃ ግድግዳ ፊት ለፊት ራቅ ብላችሁ ቁሙና አጨብጭቡ። ማሚቶው እስኪመለስ ያለውን ጊዜ በስልካችሁ ለኩ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ሰከንዱን በ340 አባዙና ለሁለት አካፍሉት። ከዚያ በእርምጃችሁ እየቆጠራችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ።